ሞግዚቷና አርባ ሰባት ቁጥር

ላብራቶሪው ውስጥ ሁሉም «ሞግዚቷ» ይላታል። ስም አውጪ መቼም አይጠፋም! ሥራዋ ሴል ማብላት ነው። በጠፍጣፋ ጠርሙሶች ግርጌ ተጣብቀው የሚያድጉ የሰውና የእንስሳ ሴሎች አሉ፤ በየሁለት ቀኑ ያረጀውን ፈሳሽ መጥጣ ታወጣና አዲስ ቀይ ፈሳሽ ትሰጣቸዋለች። እየበሉ ሲሄዱ ቀዩ ቢጫ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ርቧቸዋል ማለት ነው። ሌላው ሠራተኛ ፈቃድ ሲወጣ እሷ አትወጣም። «ልጆቼን ለማን ጥዬ?» ትላለች፣ ሰውም ይስቃል።

ቢያውቁት የማይስቁበት ነገር ግን አለ። ባሏ እዚሁ መሥሪያ ቤት ናሙና ሰብሳቢ ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አንድ ክፉ ትኩሳት ከያዛቸው ሰዎች ደም ሊቀዳ ሄዶ ትኩሳቱን ይዞ ተመለሰ፤ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ከደሙ የወጣው ቫይረስ በአንዲት ብልቃጥ ታሽጎ ፍሪዘር ገባ። ከክንዱ የተቆረጠች፣ ጥፍር የማታህል ቆዳ ደግሞ በጠርሙስ ውስጥ አደገች። እንዲህ ያለ ሴል ጥቂት ወር ኖሮ ያረጃል። ይሄኛው አሻፈረኝ አለ። መዝገቡ ላይ «አርባ ሰባት ቁጥር» ይባላል። የማን እንደሆነ የሚያውቁት እሷና ጡረታ የወጡት የድሮው አለቃ ብቻ ናቸው፤ እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ኖራለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። ባሏ ሴሎቹ በሚያድጉበት ሙቅ ሳጥን ውስጥ፣ ገዳዩ ፍሪዘር ውስጥ፣ በመካከላቸው አሥር እርምጃ። በየቀኑ በዚያ መካከል ትመላለሳለች። አንድ ቀን ያቺ ብልቃጥ ስትቃጠል በዓይኔ አያለሁ ብላ ለራሷ ምላለች።

ቀኑ መጣ። ወጣቱ ዶክተር፣ አዲሱ አለቃ፣ ቅጽ ይዞ ገባ።

«እትዬ፣ የድሮው ፍሪዘር ሊወገድ ነው። ያቺ የትኩሳት ብልቃጥ ውስጥ ያለው አሁንም መግደል የሚችል ከሆነ፣ በጥበቃ ወደ ትልቁ ማከማቻ ሄዶ ለዘላለም ይቀመጣል። ካልቻለ እናቃጥለዋለን።»

«ሕያው ይሁን ሙት ልትፈትነው ነዋ?»

«ሕያውማ አይደለም» አለ ዶክተሩ፤ ማስተማር ይወዳል። «ቫይረስ አይበላ፣ አይተነፍስ፣ ብቻውን አይራባ። ሴል እስኪያገኝ ድረስ ከትቢያ አይሻልም።»

«ኧረ ተው! ያልኖረውን ነው ሞተ ወይ ብለህ የምትጠይቀው?»

ዶክተሩ ሳቀና ጭንቅላቱን አከከ። «እውነት ነው፣ ግራ ያጋባል። መነሣቱን የምናውቀው ሌላው ሲሞት ነው። ሴል ላይ እናፈሰዋለን፤ ሴሉ ከሞተ እሱ አለ ማለት ነው።»

«በየትኛው ሴል?»

«የዝንጀሮዎቹን ሴሎች ሻጋታ በልቷቸዋል። የተረፈን አርባ ሰባት ቁጥር ነው።»

አርባ ሰባት ቁጥር ያለው በሁለት ጠርሙስ ብቻ ነው። በገዛ እጇ ያን ነገር እሱ ላይ አፍስሺ እየተባለች ነው! ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። ሴሎቹ ካልሞቱ ብልቃጧ ትቃጠላለች። እንዳይሞቱ ማድረግ ደግሞ ቀላል ነው።

«እሺ፣ እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

እንደ ደንቡ አንደኛው ጠርሙስ ከፈተናው በፊት የመብያ ቀኑ አልፎት አንድ ቀን ሳይበላ መዋል ነበረበት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አስርባው አታውቅም። በማግስቱ ከብልቃጧ የቀዳች አስመስላ ንጹሕ የጨው ውሃ ጠብ አደረገችበት፤ በላዩም ምግቡን መለሰችለት። ብልቃጧን አልከፈተቻትም። ሁለተኛውን ጠርሙስ ሳጥኑ ጥግ ሸሸገችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየ።

«እትዬ፣ ይምጡ እስቲ።»

አየች። ሴሎቹ ተሸብሽበው፣ ክብ ክብ ሆነው፣ ከግርጌው እየተላቀቁ ይንሳፈፋሉ። በመካከላቸው እዚህም እዚያም ባዶ ቀዳዳ ተከፍቷል። ያ ትኩሳት ሴል ሲገድል እንዲህ እንደሚያደርግ በድሮ ፎቶግራፎች ታውቀዋለች፤ ሌላ በሽታ እንዲህ አያደርግም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

«ተነሥቷል!» አለ ዶክተሩ ደስ ብሎት።

ወደ ፍሪዘሩ ሄደች። ብልቃጧ ቦታዋ ላይ ናት። ማሸጊያዋ አልተነካም፤ በላይዋ ላይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት በረዶ ጋግሯል። የፍሪዘሩን በር ይዛ ቆመች። እሷ ካልከፈተቻት ያ ነገር ከየት ተነሣ?

ከዚያ በኋላ ምኑን ትደብቀው? ተመልሳ የጨው ውሃውንም፣ የሸሸገችውን ጠርሙስም፣ አርባ ሰባት ቁጥር ማን እንደሆነም አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ዶክተሩ ፊቱ አመድ መሰለ። የድሮውን መዝገብ አውጥቶ ገለጠ።

«ቆዳው የተወሰደው ትኩሳቱ በያዘው በሁለተኛው ቀን ነው» አለ በዝግታ። «ከመጀመሪያውም እዚያ ውስጥ ነበረ፣ እትዬ። ሴሎቹ ሲጠግቡ ይተኛል። ሲራቡ ይነሣል። ረሃብ አይተው ስለማያውቁ እስከ ዛሬ አልተነሣም።»

«እኔ ነኝ ያስተኛሁት?»

«እርስዎ ነዎት።»

ሞግዚቷ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ሌሊት ሰው የማያቅፋት፣ ሁለተኛ ባል አላገባም ያለች፣ ለዚያ ጠርሙስ ስትል እህቷን እንኳ ሄዳ ያልጠየቀች ሴት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገዳዩን ከነሟቹ በአንድ እጅ ስታጎርስ ኖራለች። አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ። ዶክተሩ ጓንቱን አወለቀና ትከሻዋን ያዘ።

«ያኛውስ ጠርሙስ?» አለች በመጨረሻ።

«ያው ነው። እዚያም አለ። ነገ የመሥሪያ ቤቱ የደህንነት ኮሚቴ ይመጣል፤ ማከማቻው የሚቀበለው የታሸገ ብልቃጥ ብቻ ስለሆነ ጠርሙሶቹ ይቃጠላሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሌላ መንገድ የለኝም።»

«ገብቶኛል።»

ተነሥታ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከሳጥኑ ጥግ አወጣችው። ፈሳሹ ቢጫ ሆኗል። የመብያ ቀኑ ነው፤ እንዲያውም ሰዓቱ አልፏል። ጓንት አጠለቀች፣ ጠረጴዛውን በአልኮል ወለወለች፣ ከቀዩ ፈሳሽ ቀዳች።

«እትዬ» አለ ዶክተሩ ከበሩ ዘንድ፣ «ነገ ለሚቃጠል...?»

«ዛሬ ካልበላ ያ ነገር ይነሣበታል» አለች ዞር ሳትል። «ነገ እሳት ይውሰደው፣ እሺ። በዚያ ገዳይ እጅ ግን ሁለተኛ አይሞትም።»

«እሱን ሲያበሉ እኮ ያኛውንም...»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ዶክተሩ ቅጹን እንደያዘ ወጣና በሩን ቀስ ብሎ ዘጋላት።

ፈሳሹን በጠርሙሱ ጠርዝ በኩል ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገብታ አየች። ሴሎቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ተኝተዋል፤ ጤነኞች፣ የጠሩ፣ አንድም ክፍተት የሌላቸው። ያኛውን ፈለገችው። አይታይም። ግን እዚያው ውስጥ ነው፤ አብሮ ጠግቦ ተኝቷል።