መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ጉዳይ

ሁመይራ ኸጣብን መጠርጠር የጀመረችው በሦስተኛው ስብሰባ ነው።

ሁለቱም ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ ያሉ የወሎ ልጆች ባቋቋሙት መረዳጃ ማኅበር ውስጥ የኮሚቴ አባላት ናቸው። እሷ አል ዑለያ ሰፈር አባያ ትሰፋለች፤ እሱ ሹፌር ነው፣ ሊቀመንበርም ነው። አምስቱ የኮሚቴ ሰዎች ከጁምዓ ሰላት በኋላ ቱቅባ ሰፈር፣ ጋሽ ነጅሙዲን ቤት ይሰበሰባሉ። አጀንዳ የሚያወጣው ኸጣብ ሲሆን የኡሙሰልማን ጉዳይ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያደርገዋል።

ኡሙሰልማ የቤት ሠራተኛ ናት። ኩላሊቷን ታማ ሐኪሙ አገሯ ትግባ ቢልም አሠሪዋ፣ ካፊሏ፣ ኹሩጅ የሚሉትን የመውጫ ፈቃድ አላወጣላትም። ሁመይራ ሽማግሌ ይላክበት ትላለች። ግን ስለ ማፍጠሪያው፣ ስለ ኳስ ቡድኑ ማሊያ ሲወራ የዐስር ሰላት ይደርስና ኸጣብ ብድግ ይላል፦ «ኸላስ፣ የቀረውን በሚቀጥለው ኢንሻአላህ።»

አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው። ሦስቴ ግን? ደግሞ የኡሙሰልማ ስም ሲነሳ ዓይኑ ለምን ስልኩ ላይ ይተከላል?

በአራተኛው ስብሰባ ነቅታ ጠበቀችው። ኸጣብ እንደ ልማዱ በጥድፊያ፣ «አጀንዳው ላይ ተቃውሞ ከሌለ...» ሲል፣

«አለኝ» አለች። «የመጨረሻው መጀመሪያ ይሁንልኝ።»

ጸሐፊው ዘይኔ ቆጣ አለ። «አጀንዳ የሊቀመንበሩ ሥራ ነው እኮ!»

«ማውጣቱ የሱ ነው፤ ማጽደቁ የሁላችንም ነው። አለዚያ ተቃውሞ አላችሁ ወይ ብሎ ለምን ይጠይቀናል?»

ጋሽ ነጅሙዲን ሳቅ ብለው እጃቸውን አወጡ። ሙዐዝ አመነታና እሱም አወጣ። ከሁመይራ ጋር ሦስት ሆኑ። ኸጣብ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ካፊሏ የኔም ካፊል ነው» አለ በመጨረሻ። «ኢቃማዬ፣ መኖሪያ ፈቃዴ በእጁ ነው። ምን ላድርግ?»

ሁመይራ አዘነችለት፤ ግን ደግሞ ተናደደች። ይህን በመጀመሪያው ቀን ቢናገር ምን ነበረበት?

በማግስቱ እሷና ጋሽ ነጅሙዲን ሽማግሌ ሆነው ራካ ሰፈር ወዳለው የካፊሉ ቤት ሄዱ። ደውለው አልነገሩትም። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ስለ ኡሙሰልማ ነው የመጣችሁት» አለ ገና ሰላም ሳይሉት። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፤ በዚህ ሳምንት ኹሩጇን አወጣለሁ።»

ቃሉንም ጠበቀ። ኡሙሰልማ በደማም አውሮፕላን ማረፊያ በኩል አገሯ ገባች።

ሁመይራ ግን አላረፈችም፤ ለኸጣብ ደወለች።

«እንደምንመጣ ማን ነገረው?»

«እኔ ነኝ። ቀድሜ ባልለምነው ከበር ይመልሳችሁ ነበር።»

«ለምነህ ነው ወይስ አሳብቀህ?»

«ወላሂ ለምኜ ነው፣ እህቴ።»

ስልኩን ዘጋች። ልታምነው ፈለገች፤ ሆኖም መሐላው አልዋጥላት አለ። በሚቀጥለው ጁምዓ ግን ከሁሉም ቀድማ ቱቅባ ደረሰች፤ እሱ ሲመጣም ዓይኑን ለማየት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።