ቡድኑ ሊሄድ ነው የተባለ ጊዜ

ቨርና ሩድኒክ ጠዋት ጋዜጣዋን ልታነሳ በሯን ስትከፍት፣ በረንዳዋ ምሰሶ ላይ አንድ ትልቅ ዓሣ ተንጠልጥሎ አገኘች። መንጋጋው ላይ ሚስማር ተመትቶበታል። ብርዱ አድርቆ እንጨት አስመስሎታል፤ ዓይኑ ግን ፈጥጦ ያያታል።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ አጥራችን አንድ ነው። በሬን አንኳኩታ ጉጠት አውሰኝ ስትለኝ ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። ሄጄ ሚስማሩን ነቀልኩላት።

«ለፖሊስ እንደውል» አልኳት።

«ምን ብዬ ሆሊስ? ዓሣ ዛተብኝ ልበል?»

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ዓሣው ፓይክ ነው። በወንዛችን የሚኖር ጥርሳም ዓሣ ነው፤ የበረዶ ሆኪ ቡድናችንም ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። ስለዚህ ማን እንደሰቀለው ባታውቅም ለምን እንደተሰቀለ ለመረዳት አልተቸገረችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦርዊን ፓይክስ ባለቤቶች ሲቢል ሃልዴንና ወንድሟ ግራንት ናቸው፤ ከአባታቸው ወርሰውት ነው። አሮጌው ስታዲየም ጠበበን፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ አዲስ ይሠራልን አሉ። ወጪው የከተማው፣ ገቢው የእነሱ። ቦታውንም መርጠው ጨርሰዋል፦ ሚል ጎዳና። ከወረቀት ፋብሪካው ጡረታ የወጡ ሰዎችና በቅርብ ዓመታት የመጡ ስደተኞች ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው የሚኖሩበት፣ ቨርናም ተወልዳ ያደገችበትና በከተማው ምክር ቤት የምትወክለው ሰፈር ነው። ያ ሁሉ ቤት ይፈርሳል። እምቢ ካላችሁ ቡድኑን ጠቅልለን ወደ ሌላ ከተማ እንሄዳለን አሉ።

ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ለኦርዊን የቀራት ያ ቡድን ነው። ሰው በእሱ ይጣላል፣ በእሱ ይታረቃል። ሙሽራ ከሱፉ ሥር የፓይክስ ማሊያ ለብሶ ሲዳር በዓይኔ አይቻለሁ። እናም ቡድኑ ሊሄድ ነው የሚለው ወሬ ሲነዛ፣ ከተማው ሐዘን እንደገባበት ቤት ሆነ።

ምክር ቤቱ እኩል ለሁለት ተከፈለ። ሳትወስን የቀረችው ቨርና ብቻ ነበረች። ቨርና ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። ምክር ቤት የገባችውም የሰፈሯን የመንገድ መብራት ላስጠግን ብላ ነው። አሁን የከተማው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ አረፈ።

መጀመሪያ የመጣባት ወንድሟ ካዝ ነው። ካዝ ከዶክተር ቀጠሮ ይቀራል እንጂ ከፓይክስ ጨዋታ አይቀርም። የዓሣውን ወሬ ሰምቶ መጣና ወጥ ቤት ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆመ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። አንድ ነገር ልንገርሽና ልሂድ። አዎ በያቸው።»

«ቤቱ ሁሉ ይፈርሳል እኮ ካዝ። እናታችን የሞተችበት ቤት።»

«እናታችን ብትኖር ኖሮ እሷም አዎ ትል ነበር! ያን የፓይክስ የድሮ በረኛ ከእኔ ይልቅ ትወደው አልነበር?»

«እሱን ያልወደደ ማን አለ? አንተ እኮ አስቸጋሪ ልጅ ነበርክ።»

ካዝ አልሳቀም። «ስሚ፣ ቡድኑ በአንቺ ድምፅ ከሄደ እህት የለኝም። እግዜርን ነው የምልሽ፣ እህት የለኝም።» በሩን በላይዋ ላይ ወርውሮ ዘግቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነገር ከፋ። ገበያ ስትወጣ ሰው እቃውን ጥሎ ከአጠገቧ ይሸሻል። በቤተ ክርስቲያን የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ማንም አይቀመጥም። አንድ ቀን በመኪናዋ መስታወት ላይ ምራቅ ደርቆ አገኘች። ቨርና ቀን መጋረጃ መዝጋት ጀመረች። ከመስኮት ራቅ ብላ፣ በምድጃውና በግድግዳው መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። እኔ በአጥር በኩል ስጠራት እንኳ መጀመሪያ ትደነግጣለች፣ ከዚያ ነው የምትመልስልኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሲቢል ሃልዴን ራሷ መጣች። አንድም ሰው አላስከተለችም፤ የአፕል ኬክ ይዛ ነው የመጣችው። ጫማዋን ደጃፍ ላይ አራግፋ ገባች፣ ቤቱን አመሰገነች፣ የቨርናን ሟች ባል ፎቶ አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

«ብቻዎን ነው የሚኖሩት ወይዘሮ ሩድኒክ?»

«አዎ፣ ብቻዬን።»

«አይከብድዎትም? በዚህ በረዶ? ይሄ የወንዝ ዳር መንገድ እኮ ክፉ ነው። ሲነዱ ይጠንቀቁ እንጂ።»

«ስነዳ ነው የኖርኩት።»

«አውቃለሁ። ብቻ ደጋፊን ያውቁታል። ይወዳል፤ ሲወድ ደግሞ ያብዳል። እኛም አንችለውም። አንድ ነገር ቢደርስብዎ በጣም ነው የማዝነው።» እጇን በቨርና እጅ ላይ አሳረፈች። እጇ ሞቃት ነበር። «ፈርመው ቢገላገሉ ምን አለበት?»

ሴትዮዋ ስትወጣ ቨርና በሩን ቆለፈች፤ ደግማ ሄዳ መቆለፉን አየች። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ኋላ ስታጫውተኝ፣ «ዓሣውን የሰቀለው ሰው ተናዶ ነው፤ ንዴት ይበርዳል። ያቺ ሴት ግን አልተናደደችም» አለችኝ። ኬኩን አልቀመሰችውም። ለወፍም አልሰጠችውም፤ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው።

በሳምንቱ ከሚል ጎዳና ሰዎች ጋር ተነጋግራ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ አንድ ፒክአፕ ከኋላዋ ተከተላት። ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስትዘገይ ይዘገያል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ ከሥሩ ወንዝ። በረዶው እንደ ብርጭቆ ያንሸራትታል። የሲቢል ቃል ጆሮዋ ላይ ጮኸ። አባታችን ሆይ ልትል ጀመረችና ከመካከሉ ጠፋባት። ያን ሁሉ ዘመን ልጆች ጭና በነዳችበት መንገድ ላይ፣ የትኛው ኩርባ ከየትኛው እንደሚቀድም ማስታወስ አቃታት።

ነዳጅ ማደያው ሲታያት ጥምዝ አድርጋ ገባች። ፒክአፑም ተከትሎ ገባ። አንድ ጢማም ሰውዬ ወረደ። ቨርና ቁልፏን በጣቶቿ መሀል ጨብጣ መስኮቱን ስንጥቅ ያህል ከፈተች።

«ምን ፈለግህ?»

ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። «ኔልስ ኦስበርግ እባላለሁ። ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ያለችው መጠጥ ቤት የኔ ናት።» ቆም አለ። «ዓሣውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

ቨርና ቁልፉን ይበልጥ ጨበጠች።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የተከተልኩዎት። ቤትዎ መምጣት አፈርኩ። ሚስቴ ስትሰማ ልታባርረኝ ምንም አልቀራት።» ትልቁ ሰውዬ አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ። «ፈርቼ ነው ወይዘሮ። ቡድኑ ከሄደ እኮ ማን ይመጣልኛል? ሌላ ሙያ የለኝም። እምቢ ልትል ቆርጣለች ሲሉን ደሜ ፈላ።»

«ማን ነው ቆርጣለች ያላችሁ?»

«የባለቤቶቹ ሰዎች ናቸዋ። እኛን የአካባቢውን ነጋዴዎች ሰብስበው ነገሩን። ሄዳችሁ እናንተው አናግሯት አሉን።»

«እኔ እኮ ገና አልወሰንኩም» አለች ቨርና።

«አልወሰኑም?» ሰውዬው ዓይኑን አፈጠጠ። «ታዲያ ያ ሁሉ...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ።

ሁለቱም እዚያው ሆነው ተያዩ። እሱ ብርዱን ረስቶታል፣ እሷም መስኮቷን ወደ ታች አውርዳዋለች። የሚያስፈራት ሰውዬ ከሷ ብሶ ይንቀጠቀጣል። የሁለቱም ፍርሃት ግን ከአንድ ቦታ፣ ከሃልዴኖች፣ የመጣ መሆኑን ያን ጊዜ አወቀች። ማወቋ ፍርሃቷን አልቀነሰላትም። እንዲያውም ጨመረው፤ እስከዚያ ድረስ ሲቢል ለወሬ ያህል የተናገረችው ይሆናል ብላ ራሷን ታጽናና ነበር።

የመጨረሻው ድርድር በማዘጋጃ ቤቱ ትልቁ አዳራሽ ተደረገ። በአንድ በኩል ከንቲባው ዴል ፌርቻይልድና የምክር ቤቱ አባላት፣ በሌላው ሲቢል፣ ግራንትና ጠበቆቻቸው ተቀመጡ። እኛ ከኋላ በነበሩት ወንበሮች ላይ ነበርን። ከንቲባው ላቡን እየጠረገ ስምምነቱ ለሁላችንም ይበጃል አለ። ሲቢል ደግሞ ትዕግሥታችን አልቋል፤ ዛሬ ካልተፈረመ ነገ ለሌላው ከተማ አዎ እንላለን አለች። ይህን ስትል ቨርናን ነበር የምታየው። ፈገግ ብላ።

ቨርና ልትናገር እጇን አወጣች። ድምጿ ስለቀጠነ ጆሯችንን አቀናን።

«የት ነው የምትሄዱት?»

«ለጊዜው ምስጢር ነው።»

«እሺ። ከተማው ስታዲየም አለው?»

«ይሠራላቸዋል።»

«እስኪሠራ የት ትጫወታላችሁ?»

ሲቢል አፏን ከፈተች፤ ከመናገሯ በፊት ግን ግራንት ዞር ብሎ እህቱን አያት። እስከዚያ ቀን አንድ ቃል ሲናገር አልሰማነውም። አሁንም አልተናገረም። ብቻ ትምህርቱን ሳያጠና ወደ ክፍል የገባ ተማሪ መሰለ። ቨርና አየችው። እኛም አየነው፤ ግን እውነቱን ለመናገር ምን እንዳየን አልገባንም።

ቨርና ተነሳች። የጠረጴዛውን ጠርዝ የያዘችው እንዳትወድቅ ነበር።

«እንግዲህ ሂዱ» አለች። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ። የሚል ጎዳናን ቤቶች አናፈርስም።»

ሲቢል እስክሪብቶዋን ወደ ቦርሳዋ ከታ፣ ወንድሟን በዓይኗ ጠርታ ወጣች። ጠበቆቹ ተከተሉ።

ከንቲባው ያን ሁሉ ወራት እርስዎ ሲላት የነበረውን ረስቶ፣ «ገደልሽን! ምን ዓይነት ሴት ነሽ አንቺ?» ብሎ ጮኸባት። ከኋላ አንዱ ተሳደበ፣ ሌላዋ አለቀሰች። እኔ ክንዷን ይዤ በጓሮ በር አወጣኋት። መኪና ውስጥ አስገባኋት።

«ምን አደረግኩ ሆሊስ?» ትለኛለች ደጋግማ። «ምን አደረግኩ?»

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ድንጋይ መጥቶ የሳሎኗን መስኮት ሰባበረው። ፖሊሶች መጥተው ጻፉና ሄዱ። እሷ ልብሷን በሻንጣ እየከተተች ሳለ በረንዳው ላይ ኮቴ ተሰማ። እኔና እሷ ወደ በሩ ተጠጋን። በበሩ ስንጥቅ ሳይ ካዝ ነው። የድሮ የሆኪ ዱላውን ይዞ፣ የፓይክስ ማሊያውን በካፖርቱ ላይ ደርቦ፣ ወንበር ስቦ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ።

ቨርና በሩን ከፈተችለት። «ካዝ...»

«አታናግሪኝ። ላናግርሽ አልመጣሁም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ልቀመጥ ነው። መቀመጥ ክልክል ነው? ደደብ ነሽ፤ ቡድኔን አባረርሽ። ግቢና በሩን ዝጊ፣ ይበርድሻል!»

ሾርባ አመጣችለት፤ አላመሰገነም፣ ግን ጠጣው። በማግስቱም መጣ፣ ከዚያም ወዲያ። ሰዎች በመኪና እያለፉ ሲሰድቧት ዱላውን አንስቶ፣ «ወርደህ በላት እስኪ! እህቴን የምሰድብ እኔ ብቻ ነኝ!» ይላል። ለእሷ ግን አንድ ደግ ቃል አልተናገራትም።

ሦስት ሳምንት ያህል ከሃልዴኖች ወሬ ጠፋ። የከተማው ሰው ማሊያውን እያጠፈ ሳጥን ውስጥ ከተተ። ቨርና ከሳች። አንዳንዴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ፣ «የሰማኸው ነገር አለ?» ትለኛለች። የለም ስላት ራሷን ነቅንቃ ትመለሳለች።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ግራንት ሃልዴን ከንቲባው ቢሮ ብቻውን መጣ። ያ ሌላው ከተማ ከቃል በቀር የሚያቀርበው ነገር አልነበረውም። ስታዲየሙ በተተወው የባቡር ጣቢያ ግቢ ላይ እንዲሠራ፣ ሕንፃውን ባለቤቶቹ እንዲያሠሩት፣ ከተማውም መንገዱንና ውሃውን እንዲያስገባ ተስማሙ። ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ቨርና እጇን ስታወጣ ማንም አላጨበጨበላትም።

ሚል ጎዳና እስካሁን አለ። ቡድኑም አለ። ቨርና ግን በመከር በተደረገው ምርጫ ክፉኛ ተሸነፈች። ሰዎች እንደሚሉት፣ ነገሩ በደህና ማለቁ ሌላ፣ በልባችን ቁማር መጫወቷ ሌላ ነው።

ውጤቱ በተነገረ ማታ በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን ጠየቅኳት። «እንደሚመለሱ ታውቂ ነበር?»

«የት አውቄ! ይሄዳሉ ብዬ ነበር። እርግጠኛ ነበርኩ።»

«ታዲያ እንዴት ደፈርሽ?»

«አልደፈርኩም ሆሊስ። ያቺ ሴት እጄን ስትይዘኝ እንዴት እንደፈራሁ አታውቅም። ያን ቀን ብፈርምላት ሌላ ነገር ባማራት ቁጥር መጥታ እጄን የምትይዘኝ መሰለኝ። ከዚያ ይልቅ የእናንተ ስድብ ተሻለኝ።»

ብርድ ልብሷን ሰብስባ ተነሳች። በማግስቱ መጋረጃዋ እስከ ረፋድ ድረስ ሳይከፈት ቆየ። ጨንቆኝ ሄጄ በሩን ባንኳኳ፣ ካዝ ከውስጥ ብቅ አለና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ተኝታለች» አለኝ በሹክሹክታ። «ተዋት፣ ትተኛ።»