የዕጩው ጉርሻ

ሰው በማወቅ እኔን የሚያህል ናይሮቢ ውስጥ የለም። ሁርሊንግሃም ባለችው የእማዬ ምግብ ቤት ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሰው በአፉ ይዋሻል፤ ትሪ ላይ ግን አይዋሽም። ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ ብተወውም ይሄን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም።

ስለዚህ ጋሽ ዘርይሁንን ገና ሲገባ ጠረጠርኩት። እሱና እማዬ ለእድራችን ሊቀመንበርነት ይወዳደራሉ፤ ምርጫው እሁድ ነው። እማዬ ወንበሩን የፈለገችው ለክብር አይደለም። አምና ጓደኛዋ ሞታ፣ እድሩ ወደ አገር ቤት መላኪያ ወረቀቱን ሲያጓትት ሬሳዋ ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ካርጎ ሳይደርስ ሃያ ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከረመ። «እንደ ሥጋ!» እያለች እስካሁን ታለቅሳለች።

ሐሙስ ጋሽ ዘርይሁን ይዞት የመጣው ማንን ነው? ሚናስን! የኢስትሊውን ደላላ። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ልጆች ፓስፖርት ይዞ አልመልስም ብሏል የሚባለውን። ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ኮፍያ፤ ጺሙ ተንጨባሯል። ቁርጥ ማፊያ! ጥግ ይዘው ሹክሹክ ይላሉ። ውሃ ይዤ ስጠጋ ዝም አሉ። ንጹሕ ሰው ውሃ ሲመጣለት ዝም ይላል?

ከዚያ ጋሽ ዘርይሁን ጠቅልሎ አጎረሰው። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ! ከጁስ ማሽኑ ጀርባ ሆኜ በስልኬ ቀጭ አደረግኳቸው።

እማዬ ሽንኩርቷን እየከተፈች ፎቶውን ዞራ እንኳ አላየችውም።

«ሐሊና፣ የበላተኛ ፎቶ አታሳዪኝ። አጥፊው!»

«ከሚናስ ጋር እኮ ነው!»

«እድር የሚፈልገው የሚቀብር ሰው ነው። ከማን ጋር እንደበላ ምን አገባኝ?»

የዋህ ናት፤ ስለሷ መጠርጠር ያለብኝ እኔ ነኝ። እሁድ ቅዳሴ ስትገባ ስልኳን አስያዘችኝ። ፎቶውን በሷ ስልክ ለእድሩ ዋትሳፕ ላክሁት፤ «ዕጩያችን ማንን እንደሚያጎርስ እዩ» ብዬ።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። አስመራጩ ጋሽ ኣስፍሃ፣ ኤርትራዊው ሽማግሌ፣ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ስልኩን ወደ እማዬ አዞረ።

«እህተማርያም፣ ይሄን የላክሽው አንቺ ነሽ?»

እማዬ ፎቶውን አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ውይ! ሚናስ ማን ሞቶበት ነው?»

እኔ ማፊያ ያልኩትን እሷ በአንድ እይታ አነበበችው።

ጋሽ ዘርይሁን ተነሳ። «እናቱ ጎንደር ሞታበት ነው። ለቅሶ የደረሰው የለም፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ሐዘንተኛን ማጉረስ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?»

«የልጆቹስ ፓስፖርት?» አለች እትዬ ምሉእ ከኋላ። እሷም እንደኔ ተጠራጣሪ ናት፤ ወደድኳት።

«እንዲመልስ ጠይቄው ነበር፤ እሺ አላለኝም።»

«ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ታጎርሳለህ?»

«እናቱ የማንንም ፓስፖርት አልያዘችም።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ያመነም ያላመነም ነበር፤ እኔ ካላመኑት ነኝ።

ያን ጊዜ ጋሽ ኣስፍሃ፣ «ፎቶውን ማን አነሳው?» አለ።

የእማዬ ዓይን እኔ ላይ አረፈ። የሰዉም ዓይን ተከተላት። ስልኳ አሁንም እጄ ላይ ነው።

«እኛም እዚያው ነው የምንበላው!» አለች እትዬ ምሉእ፤ አሁን ጠላኋት። «ይቺ ልጅ የኛንስ አፍ አንስታው ይሆን?»

ድምፅ ሲሰጥ ለጋሽ ዘርይሁን እጅ በእጅ ላይ ወጣ። ለእማዬ የወጣው በጣት ይቆጠራል። የራሷ እጅ እንኳ ከጭኗ አልተነሳም።

በማታቱ ታክሲ ወደ ሁርሊንግሃም ተመለስን። ልንወርድ ስንል አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ቢያንስ ራስሽን መምረጥ ነበረብሽ።»

«ሰው በባልንጀራው ከተመዘነ፣ የኔ ባልንጀራ አንቺ ነሽ» አለች። «እኔም ራሴን አልመርጥም። ውረጂ!»