የሳቱርኒኖ አዲስ ጭንቅላት

ኡልፒያኖ በጨዋታ መሃል ምልክት የሚሰጥ ሰው አይወድም። ማታንሳስ ከተማ ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ሁለት ለሁለት ዶሚኖ ሲጫወቱ ጆሮውን የሚያክ ወይም ጉሮሮውን የሚጠርግ ካየ ድንጋዮቹን በትኖ ይነሳል። አሁን ግን አጭበርባሪው የገዛ አጋሩ ሳቱርኒኖ መሰለው።

ሳቱርኒኖ የታወቀ ዝንጉ ነበር። በጉብዝናው ዘመን ቦክሰኛ ሆኖ ስንቱን ቡጢ ቀምሷል፤ ማን ምን እንደጣለ ድሮም አይዝም። ከዝናቡ ወራት ወዲህ ግን ምን ነካው? ማን የትኛውን ቁጥር አጥቶ ተራውን እንዳለፈ፣ ማን እጅ ላይ ምን እንደቀረ አንድም አይስትም። ኡልፒያኖ ተሳስቶ ሲጥል እንኳ ቀድሞ ያወቀ ይመስል ጨዋታውን ያቃናዋል።

ሰው በስተርጅና ጭንቅላት አያበቅልም! ወይ ከመስኮት የሚጠቁመው አለ፣ ወይ ከተጋጣሚዎቻችን ጋር ተስማምቶ እኔን ከጨዋታው ሊያስነሳኝ ነው አለ ኡልፒያኖ በልቡ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው የሚያገናኘው ያ የዶሚኖ ጠረጴዛ ብቻ ነው። ሳቱርኒኖ ከተወው ደግሞ ከዚህ ነጭናጫ ጋር ማን ይቀመጣል? ሰሞኑን ጭራሽ ቤቱ ውስጥ መነጽሩ ቦታ ይቀይራል፣ ቁልፉ ስኳር ጣሳ ውስጥ ይገኛል። ቤቱ የሚገባው ደግሞ ሳቱርኒኖ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ኡልፒያኖ እንደ ልማዱ በባሕሩ ዳር ሲሮጥ፣ ሳቱርኒኖ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ሸጉጦ፣ ግራ ቀኝ እየተገላመጠ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲገባ አየው። ተከተለው።

ውስጥ ጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወታሉ። ኦዳሊስ የምትባል ወጣት አሰልጣኝ ኳስ እየላከች ቁጥር ትጠራለች። ሳቱርኒኖ ኳሷን እየመለሰ፣ አሁን የተጠራውን ሳይሆን ከዚያ በፊት የተጠራውን ቁጥር ይጮሃል።

«ያዝኩህ! ቁጥር መጠቋቆም የምትማረው እዚህ ነው ለካ!» አለ ኡልፒያኖ።

«እሰይ፣ ሰላዩ መጣ» ብሎ ሳቀ ሳቱርኒኖ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

«አባባ፣ ይሄ የጭንቅላት ልምምድ ነው» አለች ኦዳሊስ።

«እኔ በየቀኑ እሮጣለሁ! ጭንቅላቴ ምን ሆነና!»

«ሩጫውም ደግ ነው፣ እንዳይተዉት። እዚህ ግን ኳሷ በመጣች ቁጥር መወሰን አለ፣ ማስታወስ አለ። ሁለቱ ሲደጋገፉ ጥሩ ነው።»

ኡልፒያኖ ወደ አጋሩ ዞረ። «ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?»

ሳቱርኒኖ ጥቅሉን ፈታው። ሌላ ራኬት ወጣ። «ያንተ ነው። በየጠዋቱ ይዤው መጥቼ ይዤው እመለሳለሁ። መጀመሪያ በራሴ ልሞክረው ብዬ ነው... እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

«ምኑን?»

«ቁልፉን ስኳሩ ውስጥ ስትከት እኮ አጠገብህ ቆሜ ነበር፣ ወንድሜ።»

ኡልፒያኖ ፈራ። እንደ ሕፃን ፈራ። ራኬቱን ተቀበለ።

«ሦስት!» አለች ኦዳሊስ። ኳሷን መለሳት።

«ሰባት!»

እግሩ የሯጭ ነው፣ ይቺንም ደረሰባት። ቁጥሩ ግን የለም። ቅድም የሰማው የመጀመሪያው ቁጥር የት ገባ?

ቀና ሲል ሳቱርኒኖ ከልጅቷ ጀርባ ቆሟል። ሦስት ጣቶቹን ደረቱ ላይ ለጥፏል።

ኡልፒያኖ ጣቶቹን አየ።

«ሦስት» አለ።