ሁለት መስመር ትርፍ ስፌት

በጎ ያሰበ ሰው አይሳሳትም የሚል ካለ፣ ወደዚያ ስፌት ቤት ሄዶ ይጠይቅ። ድሮ የተማሪ ቦርሳና የድንኳን ሸራ ነበር የሚሰፉት። ጦርነቱ ሲመጣ ቦርሳው ቀረና መጎተቻ መጣ። መጎተቻ ማለት እንዲህ ነው፦ ሰው የሚያስተኛ ወፍራም ሸራ፣ ደረትና ብብት የሚይዝ ከወፍራም ክር የተሸመነ ጠፍር፣ ከራስጌው ደግሞ አንድ እጀታ። ወታደር ሜዳ ላይ ሲመታ፣ ጥይት እየዘነበ ቆሞ የሚሸከመው የለም፤ የቆመ ይወድቃላ። ስለዚህ ጓደኛው በደረቱ እየተሳበ ይደርስለትና ሸራው ላይ ያንከባልለዋል፣ ጠፍሩን ያጠብቅበታል፣ ከዚያ እጀታውን ይዞ እየተሳበ ወደ ምሽጉ ይጎትተዋል። የሰውዬው ነፍስ ያለችው እንግዲህ እጀታው ላይ ነው። እጀታው ከጠፍሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከመዳፍ አይበልጥም። አራት ማዕዘን ይሰፋል፣ መሃሉ ላይ መስቀለኛ ይደረግበታል፣ አለቀ። መመሪያው ይኸው ነበር።

ያንን ቦታ የምትሰፋው እሷ ነበረች። የስፌት ቤቱ ሰው «እትዬ መርፌ» ይላታል፤ ግማሹ ለሙያዋ፣ ግማሹ ለምላሷ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናው ላይ ተቀምጣ ጣቷን መርፌ የወጋት ሁለቴ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ኃላፊው ምክር ሲሰጠኝ ነው ትላለች።

እናታቸው ስትሞት እሷ ሃያ ዓመቷ፣ ወንድሟ ሰባት ዓመቱ ነበር። ለትዳር የጠየቃትን ሁሉ «ይሄ ልጅ እስኪያድግ» እያለች ስትመልስ ልጁ አደገ፣ ጠያቂው ቀረ። አልቆጫትም። የቆጫትስ ልጁ ዝመት ሲባል አንድ ቀን እንኳ ሳያንገራግር መሄዱ ነው። ሄዶም ቁስለኛ ጎታች ሆነ። በስልክ ሲነግራት «ከመተኮስ አይሻልም እትዬ?» አላት። ለእሷ አልተሻለም። ሌላው ወታደር ሲተኮስበት አንገቱን ይደፋል፤ ጎታች ግን ያኔ ነው ከምሽግ የሚወጣው። ይህን ለማወቅ የጦር ትምህርት አያስፈልግም፣ እህት መሆን ይበቃል።

አንድ ቀን እንደገና ደወለና ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርዱ ካወራ በኋላ፣ «እጀታው ግን ያሰጋል» አላት። ከሌላ ቦታ የተሰፉ መጎተቻዎች መጥተው ኖሮ ክራቸው ይተረተራል። «የአንቺዎቹ እስኪደርሱ ነው እንግዲህ» ብሎ ሳቀ።

ያቺ ሳቅ ናት ጉድ የሠራቻት። በማግስቱ መጎተቻው የሚታሸግበትን ካርቶን አየች። ክዳኑ ላይ የሚሄድበት ሻለቃ ጦር ቁጥር ተጽፎበታል። የወንድሟ ሻለቃ ቁጥር ሲመጣ፣ መመሪያው የሚለውን ከሰፋች በኋላ ከአራት ማዕዘኑ ሥር፣ ጠፍሩን በወርዱ አቋርጣ፣ ሁለት መስመር ትርፍ ስፌት ጨመረችበት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። መርፌው ሲወርድ «ያዝ፣ ያዝ» ትለው ነበር፣ ለክሩ። የሌሎቹን ሻለቃዎች እንደ መመሪያው ሰፋች። የእናት ልጅ የሌላቸው ይመስል።

ኃላፊው በአራተኛው ቀን ደረሰባት። ማስመሪያ ከኪሱ የማይጠፋ ሰው ነው። እጀታውን ገልብጦ አየና «ይሄ ምንድን ነው?» ሲላት፣ እሷ ከሥራ የምትባረር መስሏት ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። ወስዶ ዘጠና ኪሎ የአሸዋ ጆንያ አሰረበት፣ በሰንሰለት ቀስ ብሎ አንጠለጠለው። እስከ ምሳ ሰዓት ተንጠለጠለ፣ አንዲት ክር አልተነቃነቀችም። «እጅሽ ይባረክ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁሉም መጎተቻ፣ ለየትኛውም ሻለቃ ቢሆን፣ እንደ እሷ እንዲሰፋ ታዘዘ። ፎቶዋም በሩ አጠገብ ተሰቀለ። ከጎኗ ተቀምጣ የምትሰፋው ቀጭኗ ጓደኛዋ «ከኃላፊው ፎቶ ከፍ ብለሽ ተሰቅለሻል፤ ሚስቱ ሳትመጣ ትንሽ ዝቅ በይ» አለቻት። ሳቁ። እሷም ሳቀች። በዚያ ሳምንት እንቅልፏ ጥሩ ነበር።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ወንድሟ በር ላይ ተቀምጧል። የሰባት ቀን ፈቃድ ተሰጥቶታል። አቀፈችው፣ ዳበሰችው፣ እጅ፣ እግር፣ ጆሮ፣ ሁሉም አለ። ተመስገን አለች። ሰውነቱ ሙሉ ነው፤ ጨዋታው ግን የለም። ያቀረበችለትን ይበላል፣ ስትጠይቀው «ደህና ነው» ይላል፣ ከዚያ ግድግዳ ያያል። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ሰው ከዚያ ቦታ ተመልሶ ወዲያው ይጫወት ማለት ግፍ ነው።

ረቡዕ ልብሱን ልታጥብለት ቦርሳውን ስትፈትሽ፣ ከታች በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ፈታችው። እጀታ ነው። ከሥሩ የጠፍሩ ቁራጭ አብሮት አለ። የገዛ ስፌቷን ልትስተው አትችልም።

ወደ ደጅ ወጥታ በብርሃን አየችው። ክሩ አንድም አልተበጠሰም። ስፌቱ እንደሰፋችው ልቅም ብሎ አለ። የተገነጠለው ጠፍሩ ነው፣ ያውም በሁለተኛው ትርፍ መስመር ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ እንደተቀደደ ወረቀት። ጣቷን በዳሩ ላይ ስትሄድበት የመርፌው ቀዳዳዎች ግማሽ ግማሻቸው ይሰማታል። ሦስት ጊዜ ስትመላለስ መርፌው ሦስት ጊዜ ወግቶታል፤ ጠፍሩን ይዞት የነበረው ድርና ማግ በዚያ መስመር ላይ አልቆ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍታ ይህ አልታያትም። ቀጭን ጨርቅ ቢሆን በአንድ ቀን ታውቀው ነበር። ጠፍሩ ወፍራም ሆነና አመነችው።

ወንድሟ ከኋላዋ ቆሟል። «የቦምብ ፍንጣሪ ነው የቆረጠው» አላት፣ ሳትጠይቀው።

«ፍንጣሪ እንዲህ አይቆርጥም።»

«አንቺ ፍንጣሪ የት ታውቂያለሽ?»

«ፍንጣሪ አላውቅም። ስፌት ግን አውቃለሁ» አለችው። «ማንን ስትጎትት ነው?»

ባዶውን ካልሲ ከእጇ ወሰደ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ነገራት። ጥርሶ የሚሉት ጓደኛው ነው፤ ሁልጊዜ ስለሚስቅ ነው ጥርሶ የተባለው። አንድ ቀን ጠዋት ጭኑ ላይ ተመታ። የማይሞትበት ቁስል ነበር። ሸራው ላይ አስተኝቶት፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየመነጨቀ ሲጎትተው ቆይቶ፣ ምሽጉ አሥራ ሁለት እርምጃ ሲቀረው እጀታው በእጁ ቀረ። እሱ ቁልቁል ወደ ኋላው ተንከባለለና ምሽጉ አፍ ላይ ጓደኞቹ ካሉባት ጉድጓድ ገባ። ጥርሶ ሜዳው ላይ ቀረ። ሁለቴ ሊወጣ ሲል ጓደኞቹ እግሩን ያዙት።

«ወዲያው ሞተ?» አለች።

«ወዲያውማ ቢሆን» አላት። «መጀመሪያ ቀለደብኝ። ከዚያ ውሃ ጠየቀ። ከዚያ እናቱን ጠራ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሰማን ነበር።»

አላለቀሰችም፤ ማልቀስ የእሷ ድርሻ አልመሰላትም። «ስትጠየቅስ ምን አልክ?»

«ፍንጣሪ ቆረጠው አልኩ። ፈርሜያለሁ።»

«ለምን?»

ቀና ብሎ አያት። «ለምን ትያለሽ? የእህቴ እጅ ነው እያልኩ ለሻለቃው በሙሉ ስደነፋ ነው የከረምኩት። ከክምሩ ውስጥ፣ በስልክ እንደነገርሽኝ፣ ሁለት መስመር ያለውን እየመረጥኩ፣ ይሄን ያዙ፣ ይሄ አይከዳችሁም እል ነበር። ምን ልበል? እህቴ ገደለችው ልበል?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ሰው። እሷ የጣለችው የሰው ልጅ ነው። ቢሆንም፣ ከዚህ ይልቅ ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። ፍንጣሪ ነው ከተባለ መጎተቻው ጤነኛ ነው ማለት ነው። ጤነኛ ከሆነ ስፌቱ አይቆምም። እሑድ ወንድሟ ተመልሶ ሲሄድ የሚጠብቀው ያው እጀታ ነው፤ የሚጎተተው ሌላ፣ ወይም እሱ ራሱ።

ሐሙስ ጠዋት እጀታውን ይዛ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ነገረችው። ኃላፊው ማስመሪያውን አውጥቶ ቀዳዳዎቹን ለካ፣ መልሶ ለካ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ። 

«ስንት ልከናል?» አለችው።

«ስድስት መቶ አርባ።» ተቀመጠ። «ስሚኝ እህቴ። ወንድምሽ ፈርሟል። ይሄ ነገር ወደ ላይ ከሄደ በጦር ሜዳ ሐሰት የመሰከረ ወታደር ነው የሚባለው። ይታሰራል። አንቺም ትጠየቂያለሽ፣ እኔም። የሞተው አይነሳ። ከሰኞ ጀምሮ በዘዴ ወደ ድሮው ስፌት እንመለሳለን፣ ማንም ሳይሰማ።»

«የሄዱትስ?»

«የሄዱት ሄደዋል።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። የፈራ ሰው ነው፤ ፍርሃትና ክፋት ደግሞ ብዙም አይራራቁም። እሷ እጀታውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወጣች። ያን ቀን ሙሉ ሰፋች፣ ትርፉን መስመር ግን አልነካችውም። ማታ ወንድሟን «እሑድ መቼ ነው የምትሄደው?» አለችው። «በጠዋት» አላት። 

ዓርብ ተረካቢው መኮንን ካርቶን ሊጭን መጣ። ፈርሞ ሊወጣ ሲል እትዬ መርፌ ከመኪናዋ ተነስታ መንገዱን ዘጋችው። ኃላፊው በዓይኑ ለመናት። ከተዘጋጁት ካርቶኖች አንዱን ከፍታ፣ መጎተቻውን አውጥታ፣ የአሸዋውን ጆንያ ጠፈረችበት። «እስከ ዛሬ አንጠልጥለን ነው የፈተንነው» አለች። «በጦር ሜዳ የሚያንጠለጥል የለም። እነዚህ ይመንጭቁት።» ሁለት ጫኞች እጀታውን ይዘው መነጨቁ። ምንም አልሆነም። ኃላፊው ትንፋሹ ተመለሰ። እንደገና መነጨቁ። በሦስተኛው ተገነጠለና ሁለቱም በመቀመጫቸው ወደቁ። ጆንያው ካለበት አልተነቃነቀም። የሳቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ነገር ነው። የወንድሟን እጀታ ሰጠች፣ ቃሏን ሰጠች፣ ፈረመች። ቅዳሜ ሁለት ወታደሮች ቤት መጡ። ወንድሟ ጫማውን እያሰረ ነበር። አስሮ ጨረሰ፣ ተነሳ፣ እሷን አላያትም። «ቦርሳህን?» ስትለው «አያስፈልግም» ያላት አንዱ ወታደር ነው።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል፤ ኃላፊው «ጉድለቱን በወቅቱ ስላጋለጠ» ወደ ትልቅ ስፌት ቤት በእድገት ተዛወረ። እሷን በተግሣጽ አለፏት፣ ፎቶዋን አወረዱት። መጎተቻዎቹ ይሰብሰቡ ተባለ፣ ተሰብስበው እስኪያልቁ አምስት ሳምንት ፈጀ። በዚያ መሃል ስንት እጀታ በስንት እጅ ላይ እንደቀረ የነገራት የለም። እሷም ለመጠየቅ ወኔ አጣች።

ወንድሟ አሥራ ስምንት ወር ተፈረደበት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ምግብ ይዛ ወደ እስር ቤቱ ብትሄድም አራት ጊዜ አልወጣላትም። ጠባቂው ሳህኑን እንደሞላ ይመልስላታል፤ «ጠግቤያለሁ ብሏል» ይላታል፣ እሱም እያፈረ። በአምስተኛው ወጣ።

በመሃላቸው ሁለት የሽቦ አጥር ሆኖ ተቀመጡ። ፀጉሩን ተላጭቷል። ሞላ ብሏል፣ ጉንጩ ደም አለው። ይህን አይታ በሆዷ ደስ አላት፣ ደስ በማለቷም አፈረች።

«ከሻለቃችን አንዱ እዚህ ገብቷል» አላት። «በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ጎታች አድርገው ነበር። ሁለት ሳምንት አልቆየም።»

«እጀታው ነው?» አለች።

«አይደለም። ጥይት ነው።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ጠያቂዎች ስለ ፍየል ሽያጭ ይከራከራሉ። 

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «መኮንኑ ፊት የተናገርሽው ለእነዚያ ልጆች ብለሽ ነው፣ ወይስ እሑድ እንዳልመለስ?»

አውቶቡስ ውስጥ ስትመጣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ለእነሱ ነው ልትል። መልሱ ሐሰት አልነበረም። ሌሊት ሌሊት ስድስት መቶ አርባውን እጀታ አንድ በአንድ ስታይ ከርማለች። ግን በእጇ ያደገ ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየ ነው።

«ለእነሱም ነው» አለችው። «መጀመሪያ ግን ለአንተ።»

አልተቆጣም። ራሱን ነቀነቀ።

«ያንን ሁለት መስመርም እኮ ለእኔ ብለሽ ነው የሰፋሽው» አላት።

ከዚያ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ።