የኡስታ ደረበ እሁድ

ከሽንፋ የሚደውለው ሰው ተስፋ አልቆረጠም። የሟቹ የደረበ ስልክ ከንፍሮው ሰፌድ አጠገብ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ስር የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ወደ ሉሊት ዞረ። መካኒኩ አባቷ ከሞተ ዛሬ ሳምንቱ ነው። እስከ ትናንት ስልኩን እያነሳች «ልጁ ነኝ፤ እሱ የለም» ስትል ነው የሰነበተችው። ሙያውን ከእሱ ተምራለችና ለአንዳንዱም እንባዋን እየጠረገች የትኛውን ቡሎን እንደሚያላላ ነግራዋለች።

ዛሬ ግን አላነሳችውም፤ አጠፋችው። የሱዳን መስመር ያለበትን ሁለተኛውንም ስልክ አጠፋችው።

«ምነው ልጄ?» አሉ ከጎንደር የመጡት አክስቷ ወይዘሮ አየሁሽ።

«እሁድ ነው፣ አክስቴ።»

ወይዘሮ አየሁሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ዘንበል አሉ። ሹክ ማለት ግን ከድሮም አልሆነላቸውም። «ወንድሜን የበላው ይኸው እሁዱ አይደል! ስልኩን ዘግቶ ባይተኛ ኖሮ ሰው ይደርስለት ነበር።»

ሉሊት ይህን ወሬ ሳምንቱን ሙሉ ከየጥጉ ሰምታዋለች። ከሞቱ እኩል ያንገበገባትም ይኸው ነው። አባቷ በሰው አፍ በገዛ ሞኝነቱ የሞተ ሰው ሆኖ ሊቀር ነው።

ደረበ ድሮ እሁድም ሰኞም አያውቅም ነበር። ሰኔ ገብቶ የሰሊጥ ዘር ሲጀመር ከመተማ ዮሐንስ እስከ አብርሃ ጅራ ትራክተር የቆመበት ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው፤ ከድንበር ማዶም ሱዳኖቹ «ኡስታ»፣ ባለሙያው፣ እያሉ ይደውሉለታል። ሲበላ ስልክ፣ ሲተኛ ስልክ። የሚደውል ሲጠፋ ደግሞ እዚያው ስልኩ ላይ አፍጦ ቪዲዮ ያያል። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ እሁድ፣ እንቅልፍ እያዳፋው፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ወትፎ እያወራ እጁን ወደሚሠራ ሞተር ሰደደ። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሁለት ጣቶቹን ቆረጣቸው።

እጁ ሲሽር አንድ ባዶ የግሪስ ቆርቆሮ አጠበ። ከዚያ ወዲህ እሁድ ጠዋት ሁለቱን ስልኮቹንና የሉሊትን ስልክ እዚያ ውስጥ ይከትና በቀሩት ሦስት ጣቶቹ ክዳኑን አዙሮ ያጠብቃል። ራኩባው ስር ከተዘረጋው የጠፍር አልጋ፣ ከአንገረቡ ላይ ጋደም ብሎ በልጅነቷ ስላጣቻት እናቷ ያወራላታል፤ ሲደክመው ያንኮራፋል። ሰኞ ሲነጋ እያፏጨ ነው የሚነሳው።

ከተማው ሳቀበት። የጎንደሩ ባለሀብት አለምሰገድ ግን አልሳቀም። ትራክተሩ ቆሞበት አንድ የሐምሌ እሁድ በሩን ሊሰብረው ደረሰ። «ዝናቡ ሊቀድመኝ ነው፣ አንተ ትተኛለህ?»

ደረበ ከአንገረቡ ቀና አለ። «ለትራክተርዎ በየሁለት መቶ ሃምሳ ሰዓቱ ዘይት ይቀይሩለት የለም?»

«እቀይርለታለሁ!»

«ባይቀይሩለትስ?»

«ሞተሩ ይቃጠላል።»

«እኔም እንዳልቃጠል ነው። ነገ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እርሻዎ ላይ ነኝ።»

በአሥራ ሁለት ሰዓት ደረሰ። ሌላ መካኒክ ሁለት ቀን የለፋበትን ትራክተር ረፋድ ላይ አስነሳው።

ሉሊት ብድግ አለች። «አክስቴ፣ አባቴ ብቻውን የሞተ መሰለዎት?» አለች። «ራሱን ክንዴ ላይ አስደግፎ ነበር። ‹ደረቴን› አለኝ። በአጥሩ በኩል ዘሀቢያን ጠራኋት።»

«ወላሂ፣ ሊጡን ከእጄ ሳልታጠብ ነው የደረስሁት» አለች ጎረቤታቸው ዘሀቢያ ከሴቶቹ መሃል። «እኔ አጥሩን እስክዞር አልቋል። ስልክ ምን ያደርግለታል?»

«ሌላ ቀን ቢሆን» አለች ሉሊት፣ «ከሰው ርቆ ጭቃ ላይ፣ ትራክተር ስር ነበር የሚሞተው። እሁድ ስለሆነ ነው እጄ ላይ የሞተው። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁድ፣ ከማንም ጋር ያልተካፈልሁት አባት ነበረኝ። እኮራበታለሁ!»

ወይዘሮ አየሁሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «ይህን ማን ነገረኝ» አሉና ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ሉሊት ከጓዳ የግሪስ ቆርቆሮውን አመጣች። የአባቷን ሁለት ስልኮች፣ ከዚያም የራሷን ከተተች። ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው አለምሰገድ ተነሳ። ሽንፋ ላይ የቆመው ትራክተር የእሱ ነው፤ ሲደውል የነበረውም የእሱ ሾፌር። ቆርቆሮው ዘንድ ሲደርስ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አጠፋና ከደረበ ስልኮች ላይ አስቀመጠው።

«ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት?» አላት።

«በአሥራ ሁለት ሰዓት እዚያ ነኝ።»

ክዳኑን ገጥማ ማዞር ጀመረች። ሁለት ጣቶቿን አጥፋ በሦስቱ ብቻ እያጠበቀች መሆኑን ያየችው፣ ቆርቆሮው ከተዘጋ በኋላ ነው።