ሰው አልባው ሰፈር

ካዛንቺስ በፈረሰ በዓመቱ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፎቅ የሚሸጥ ድርጅት የሰፈሩን ታሪክ አጻፈ። ጸሐፊው ዮአብ ሰፈሩን የሚያውቀው በካርታ ነው። የእድሩ ዳኛ የነበሩት ጋሽ ፍቅሬ በምስክርነት እንዲፈርሙለት የጻፈውን አነበበላቸው።

«ባቡሩ እስኪመጣ አካባቢው ሰው አልባ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ሠላሳ ዓመት ማንን ስቀብር ኖርኩ?» አሉ፣ ሹል ጫማውን እያዩ።

«ጋሼ፣ በቃ፣ ማለቴ... ለገዢ ነው። ገዢ ሬሳ አይወድም።»

«ብልህ ነህ። እስኪ እስክሪብቶህን።»

ሊፈርሙ ነው ብሎ ደስ እያለው ሰጣቸው። እሳቸው ግን ከፈረሰው ሰፈር የመጀመሪያ በር ጀምረው፣ በየቤቱ ተራ፣ እድሩ ድንኳን የተከለላቸውን ሟቾች ስም ይጽፉ ጀመር። ታሪኩ የተጻፈበት ወረቀት ሞላ፤ ጀርባውም ሞላ።

«ኧረ ጋሼ፣ ፊርማ ብቻ እኮ ነው!»

ከግርጌ «ቀባሪያቸው፣ ፍቅሬ» ብለው ፈረሙና መለሱለት።

«በል፣ አሁን ሽጠው።»